ከአሮጌ ቀፎ የተሠራው ዱታር

መቱ የሄድኩት ለዘመድ ሰርግ ነበር፤ ሆዴን ያባባው ግን ማገዶ ነው። በጓሮ በኩል አንድ ጎረምሳ ያረጀ የንብ ቀፎ በምሳር ይፈልጣል። ቀፎው ዘመኑን ሁሉ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ስለኖረ ከውጭ አመድ መስሏል። ለሁለት ሲከፈል ግን ያ ሽታ ከውስጡ ወጣ፤ ሰም፣ ጭስ፣ የከረመ ማር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የደረቀ የዋንዛ እንጨት። የያዝኩትን ሰፌድ አስቀምጬ እዚያው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ልጁ።

«አይ፣ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። ወጡ ሊያርብኝ ስለሆነ ለሱ ማን እንደሆነ ሳልነግረው ተነሳሁ። ለእናንተ ግን ጊዜ አለኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ እኔ የወተት ጥርሴ የሚወልቅበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። አባቴ የመቱ ኬላ ጠባቂ ነው። ከእኛ ጋር የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ይኖራሉ፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ባላቸው ሞተውባቸው ከመንዝ ሲመጡ በበቅሎ አስጭነው ያመጡት ትልቅ ነገር ቢኖር በገናቸው ነው። በገናዋ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ግድግዳ ላይ ትንጠለጠላለች። ሁዳዴ ሲገባ ትወርዳለች፣ ፋሲካ ሲደርስ ተመልሳ ትሰቀላለች። በጾሙ ክራሩም ማሲንቆውም ዝም ይላል፤ የተፈቀደላት በገና ብቻ ናት። እኔ ይህን የማውቀው ፀሐይ በዚህ ወጥታ በዚያ እንደምትገባ አድርጌ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጋሼ ናዛር መጡ። ጎሬ ተቀምጦ ሰምና ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ነጋዴ መቱ ላይ የጭነት በቅሎዎቹን የሚያሳርፍበት ግቢ ነበረው። ኮርቻ የሚሰፋለት ሰው አስመጣና ከእኛ ጓሮ ያለችውን ጎጆ ተከራየለት። ያ ሰው ነው ጋሼ ናዛር። ታጂክ ነኝ ይላሉ፤ አገራቸው ከፋርስ ማዶ ያለችው ቡኻራ። ጦርነት ገብቶ አገሩ ሲበተን ወደ መካ ሸሹ፣ ከመካ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሱዳን፣ ከሱዳን በወንዝ ጀልባ ጋምቤላ፣ ከዚያ ከበቅሎ ጋር በእግራቸው በቡሬ በኩል እኛ ዘንድ። አማርኛውን የለቀሙት ከጎሬ ገበያ ሴቶች ስለሆነ ሁሉን ሰው «አንቺ» ነው የሚሉት፤ አባቴንም፣ በቅሎዋንም፣ ቄሱንም።

የመጡ ዕለት ዝናቡ ያወርደዋል። በጥጥ የተሞላ፣ በመርፌ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ወፍራም ካባ ነበራቸው፤ ግን አልለበሱትም። አንድ ረጅም ነገር ጠቅልለውበት እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ጢማቸው ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጥቅሉ ደረቅ ነው። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ በደንብ አየሁ። በአንድ በኩል ትልቅ ጭንቅላት፣ በሌላው በኩል ተጣብቀው የቀሩ ቀጫጭን እግሮች። የታመመ ልጅ ነው አልኩ በልቤ።

ማንንም አልጠየቅኩም። ልጅ አንድ ጊዜ ካወቀ ምን ይጠይቃል? ሲመሻሽ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከጎጆዋ የሚሹለከለክ ድምፅ ይመጣል፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ በእንቅልፉ እንደሚያንጎራጉረው ዓይነት። አንጀቴን በላኝና አንድ ማታ የበቆሎ ጥብስ በራቸው ላይ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ቆረቆንዳው ብቻ በቅጠል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በላልኝ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ከዚያ ወዲህ ከድርሻዬ እየቀነስኩ ጎደሬም ንፍሮም አመላልስ ጀመር። ጋሼ ናዛር ባዩኝ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉልኛል፤ ልጃቸውን ስለማስታምምላቸው ይመስለኝ ነበር።

በኅዳር እናቴ ሆዷ ገፍቶ ልትወልድ ቡሬ እናቷ ዘንድ ሄደች። ጥር ገባ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፣ ከንፈራችን ተላጠ። አንድ ጠዋት ከጎጆዋ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባሁ። ጋሼ ናዛር መሬት ላይ ቆባቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ካባው ፊታቸው ተዘርግቶ እጃቸው በላዩ ነው። ጀርባቸው ስለከለለኝ የተዘረጋውን አላየሁትም።

«ሞተ?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ሞተ» አሉ።

እየበረርኩ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ከጎረቤታችን ከጠላ ሻጯ ከእትዬ ደስታ ጋር ገብስ ያበጥራሉ። «የጋሼ ናዛር ልጅ ሞተ» አልኳቸው። ልጅ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ሲጠሩት የሚመረምር ሰው በእኛ ሰፈር አልነበረም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ሌሎቹንም ሴቶች ጠሩ፣ የተገኘውን ንፍሮ በቁና ይዘን ሄድን። እትዬ ደስታ ከአጥሩ ጀምረው ደረታቸውን እየመቱ «ሳላይህ፣ ሳልስምህ፣ የሰው አገር ልጅ» እያሉ ገቡ።

ገብተውም ካባው ላይ የተኛውን አዩ። ሆዱ ግማሽ ቅል የመሰለ፣ አንገቱ እጅግ የረዘመ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ የተለበጠው ስስ ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሯል።

እትዬ ደስታ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «ጭልፋ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንቺ ልጅ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ለጭልፋ ታስለቅሺ?»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅ ያልኩት፣ ጎደሬ ያበላሁት፣ እንጨት ነው። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። በጉልበታቸው ተንበርክከው በስንጥቁ ላይ ጣታቸውን በቀስታ አሳለፉ። የተበጠሱትን ሁለት ክሮች አነሱ፣ ለብርሃን አሳዩ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጡ።

«ደስታ፣ ንፍሮውን አምጪ።»

«ለእንጨት ነው ንፍሮ የምናቀርበው፣ እትዬ አስካለ?»

«ለለቅሶ ነው የመጣነው። ተቀመጪ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጋሼ ናዛር ለምን እንደመጣን የገባቸው ያኔ ነው። ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሲሉ ጢማቸው ርሷል፤ በዚያ ቀን ዝናብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ እየተመላለሱ ጠየቋቸው፤ እኔም ከጎናቸው አልጠፋ። ዕቃው ዱታር ይባላል። «ዱ፣ ሁለት። ታር፣ ጅማት» አሉ ጋሼ ናዛር።

«ሁለት ብቻ? የኔዋ አሥር አላት፤ አሥሩም አይበቁኝም።»

«ሁለት ይበቃል። አንዷ መንገድ ትሄዳለች። አንዷ ቤት ትጠብቃለች።»



የጋሼ ናዛር መምህር ቡኻራ ውስጥ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ያስተማሯቸው አንድ ረጅም ዜማ አለ። የተጻፈ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። ከታች በዝግታ ይነሳል፣ እየወጣ እየወጣ አናቱ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ወርዶ ቤቱ ይገባል። መምህራቸው በዚያ ጦርነት ሞቱ፤ አብረዋቸው የተማሩት ተበታተኑ። ዜማውን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቁም።

«ጣት ካልነካ፣ ጣት ይረሳል» አሉ። ጣታቸውን ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው ጣት ተመለከቱት።

«ሌላ ሰው ከሌለና አንተ ከረሳህ፣ ዜማው የት ይገኛል?»

«የትም።»

ይህ «የትም» የሚሉት ቃል አስፈራኝ። የጠፋ ፍየል ጫካ ይገኛል፣ የጠፋ መርፌ አመድ ውስጥ ይገኛል። የትም የማይገኝ ነገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ሲሰፉ ግራ እጃቸውን እጠብቃለሁ። በወስፌው እጀታ ላይ ጣቶቹ ብቻቸውን ይሮጣሉ፤ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ጋሼ ናዛር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው።

ሁዳዴ ገባ። አሁን ልብ በሉልኝ፤ ጋሼ ናዛር እስላም ናቸው። በሌላ ጊዜ እኛ ያረድነውን እሳቸው አይበሉም፣ እሳቸው ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ጎረቤት ሆነን እንኳ ገበታችን ለየብቻ ነበር። በሁዳዴ ግን ሥጋ ከቤታችን ይወጣል። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ስልጆው የማንም አይደለም። ስለዚህ ቅዳሴ ሲያልቅ እትዬ አስካለ «ያን ሰው ጥሪው» ይሉኛል፤ ከአንድ መሶብ እንበላለን። ስልጆው አፍንጫቸውን ሲሰነፍጣቸው ያስነጥሳሉ፤ አባቴ ይስቃል። እንደኔ ጾሙ እንዳያልቅ የተሳለ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ማንኳኳቱ ተጀመረ። ጋሼ ናዛር ከተማውን ዞረው ያገኙትን እንጨት ሁሉ በጣታቸው አንጓ ይመታሉ፤ የሱቅ ሳንቃ፣ የወፍጮ ቤት ምሰሶ፣ ሙቀጫ። የሰው በር ሲያንኳኩ ባለቤቱ ወጥቶ «ይግቡ» ይላል፤ እሳቸው ጆሯቸውን ሳንቃው ላይ ለጥፈው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

«ሰው መጣ ብዬ ጠላ ልቀዳ ስነሳ፣ በሬን ንቆት ሄደ» አሉ እትዬ ደስታ። «ምን አጥቶበት ነው በሬ?»

እኔ የሚፈልጉትን አውቄ ነበር። ዱታሩ ሲሞት ነፍሱ ወጥታ አንድ ሌላ እንጨት ውስጥ ገብታለች፤ እየዞሩ አለሽ ወይ ይሏታል። እኔም አገዝኳቸው። ገበታውን፣ አልጋውን፣ የጎረቤቱን የከብት ገንዳ እያንኳኳሁ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። አንዴ ገንዳው ውስጥ ጥጃ ትንፋሹን ሲለቅብኝ ነፍሷን ያገኘኋት መስሎኝ ጮኼ ሮጥኩ።

ነገሩ ለካ ሌላ ነው። የመቱ አናጢ አዲስ የዋንዛ ሳንቃ ሊሰጣቸው ዝግጁ ነበር። ጋሼ ናዛር ግን አዲስ እንጨት ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ዳግም ይሰነጠቃል ብለው ፈሩ፤ የሚፈልጉት አርጅቶ የደረቀ እንጨት ነው። ቡኻራ ደረቅ አገር ነው፤ ዱታሩ የተሠራበት ቱት የሚባለው የዚያ አገር እንጨት የኢሉባቦርን ዝናብ አልቻለውም። ዳግም ቢሰነጠቅ፣ ሌላ እስኪሠራ ጣቶቹ ሁሉንም ይረሳሉ።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ፉፋ ከዳሪሙ መጡ። ማር የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው፤ ግቢያችን ገብተው አህያቸውን ሳያራግፉ አይሄዱም። በዚያ ቀን ከማሩ በላይ ለማገዶ ብለው አንድ አሮጌ ቀፎ ጭነው ነበር። ጋሼ ናዛር ወስፌያቸውን እንደያዙ ተነሱ፣ አህያዋ ጎን ቆመው ቀፎውን አንኳኩት።

የሙቀጫው መልስ «ደፍ» ነበር፣ የበሩም «ደፍ»። ይህ ግን ተንኳኩቶ ካበቃ በኋላ ቀጠለ፤ ከውስጡ አንድ ሰው «እህ» ብሎ ቀና ያለ ይመስል። አህያዋ ሳትቀር ጆሮዋን አቆመች። ጋሼ ናዛር ደግመው አንኳኩና ግንባራቸውን ቀፎው ላይ አሳረፉ።

«ማሊፍ? ምን ሆነ ይኼ ሰውዬ?» አሉ ኦቦ ፉፋ። «ንቦቹ እንኳ የጠሉትን ጋጉራ ነው የሚስመው?»

እትዬ አስካለ ነገሩን አስረዷቸው። ኦቦ ፉፋ ቀፎውን አወረዱ፣ አገላብጠው አዩት። «ይኼን ጋጉራ የሰቀለው አባቴ ነው» አሉ። «ዝናብ ጠግቧል፣ ፀሐይ ጠግቧል። ከእንግዲህ አያብጥም፣ አይሰነጠቅም። ይውሰደው። ሲጮህ ግን ጥሩኝ፤ የአባቴን እንጨት ድምፅ ልስማ።»

«ቶሌ» አሉ ጋሼ ናዛር፤ እሺ ማለታቸው ነው። የሚያውቁት ኦሮምኛ እሱን ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆዋ ሌላ ዓለም ሆነች። ቀፎው ሲከፈል ያ ሽታ ወጣ፤ ዛሬም ልቤን የሚያስተው ያ ሽታ። ጋሼ ናዛር ጎኑን ለዱታሩ ፊት በቢላ ይልጉታል፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል። ሲሳሳ ለብርሃን ያነሱታል፤ ጣታቸው በማዶ እንደ ጥላ እስኪታይ ድረስ ላጉት። የኮርቻ ቁርጥራጭ ቆዳ ቀቅለው ሙጫ አወጡ፤ ግማቱ እትዬ ደስታን ከበሩ መለሳቸው። በአንገቱ ዙሪያ ለጣት ማረፊያ የሚታሰረው ጅማት የተገኘው ከእትዬ አስካለ ነው፤ ለበገናቸው ብለው ያስቀመጡት የበግ አንጀት። ቀሪው ክሩ ነበር። የዱታር ክር ሐር ነው፤ ሐር ደግሞ መቱ ገበያ የለም።

እትዬ አስካለ ሳጥናቸውን ከፈቱ። በጨርቅ የተቋጠረ፣ ከመንዝ ያመጡት ጥቁር ሐር አላቸው። በሰፈራችን ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ሁሉ አንገቱ ላይ የሚታሰርለትን ማተብ የሚያከሩት ከዚያ ነው። አሁን የቀረው አንድ ጭብጥ ነው። እሱም ለሚመጣው ልጅ፤ እናቴ ወንድ ወልዳለች የሚል መልእክት ከቡሬ ደርሶን ነበር።

«የማተብ ሐር ነው እኮ» አሉ እትዬ ደስታ። «ለእስላም እንጨት?»

«ገና ማተብ አልሆነም። ሐር ነው።» እትዬ አስካለ አስቀድመው ለወንድሜ የምትበቃውን ለክተው ቆረጡ፣ በጡታቸው ሥር አስገቡ። የቀረውን በሙሉ አውጥተው ጋሼ ናዛር እጅ ላይ አኖሩት። እሳቸውም ወዲያው አልጨበጡትም፤ እጃቸውን ዘርግተው እንደያዙ ቆዩ።

ማክረሩ የኔ ሥራ ነበር። አንደኛውን ጫፍ እትዬ አስካለ ይዘው ያሾሩታል፤ እኔ ሌላውን በጣቴ ጠምጥሜ ግቢውን ወደ ኋላ እሄዳለሁ። «አትልቀቂ። ቢበላሽ ሌላ የለንም» ይሉኛል። ሐሩ እየከረረ ሲመጣ ጣቴን ይጎትተኛል፤ በማዶ ሌላ ሕፃን ይዞ የሚስበኝ ይመስል። ከአጥሩ ስደርስ ጣቴ ጫፉ ጠቁሮ ነበር። አልለቀቅኩም።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ቤት ተሰበሰብን። አባቴ፣ እትዬ ደስታ፣ ማር ሳይዙ የመጡ ኦቦ ፉፋ። የነፍስ አባታችን አባ ወልዴም ወሬውን ሰምተው መጥተዋል፤ በጾም ዘፈን እንዳይዘፈን።

«ክራር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም፣ አባቴ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ማሲንቆ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲህ ስሙን የማላውቀውን ልከለክል አልችልም። ልስማውና እፈርዳለሁ።»

ጋሼ ናዛር ዱታሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጣታቸው ሐሩን ሲነካ፣ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ድምፅ ሳይሆን ዝምታ መሰለኝ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ለመስማት ትንፋሻችንን መያዝ ነበረብን። አንዷ ክር አትነቃነቅም፣ ያንኑ ትላለች፤ ሌላዋ ከሷ ተነስታ አንድ ርምጃ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ታያታለች፣ ሁለት ርምጃ ትሄዳለች። ከሶር ወንዝ ሥር ተነስቶ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ታየኝ። ቅጠሉ እርጥብ ነው፤ ወዲያ ወንዙ ይጮኻል። ሰውዬው ሲወጣ ወንዙ ወደ ታች ይቀራል፣ ጫካው ይከፈታል፣ ሰማዩ ይሰፋል። ከእንጨቱም ንቦች የሚያዜሙ መሰለኝ፤ ወጥተው አልቀዋል ሲባል ውስጥ የቀሩ። ከሞቀ እጃቸው ሥር የማሩ ሽታ ተነሳ። እትዬ ደስታ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሲስቡ አየሁ፤ ልክ በገና ሲደረደር እንደሚያደርጉት። አባ ወልዴም መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። ሁላችንም አለቀስን፤ አባቴም።

ወጣ፣ ወጣ። አናቱ ላይ ደረሰ። አንድ ነገር በዚያ ከፍታ ላይ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

ጣታቸው ቀጥ አለ። ያ ቦታ ነው።

ትንሽ ወደ ታች ተመልሰው ወጡ፤ እዚያው ቆሙ። ደግመው ሞከሩ። መውረጃው ጠፍቷል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ በሰው አገር ዳገት ላይ ጨለማ የያዘው መንገደኛ ፊት ነበር። የትም የሚሉት ቃል መጥቶ መሀላችን የተቀመጠ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ ተነሱ። በገናቸውን አምጥተው ከጋሼ ናዛር ፊት ተቀመጡ። አልዘመሩም። ከአሥሩ አንዷን፣ ከሁሉ ወፍራሟን ብቻ ነኩ። ያች ክር ደረት ውስጥ ነው የምትጮኸው። ደግመው ነኩ፣ በዝግታ፣ ያንኑ። ሌላ ምንም የለም። ቤት የምትጠብቀዋን ክር ነበር የያዙላቸው።

ጋሼ ናዛር ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ አንዱ ጣታቸው ከዚያ ከፍታ አንድ ርምጃ ወረደ። ቆመ። በገናዋ ጠራችው። ሌላ ርምጃ ወረደ። ከዚያ እጃቸው ተፈታ፤ መንገዱ በእግራቸው ሥር እየተከፈተ፣ እየሮጡ፣ እያረፉ፣ አንዴም ሳይሳሳቱ ወረዱ፤ የተነሱበትም ላይ ደርሰው በገናዋ ባለችበት ላይ አረፉ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነው ቀስ ብለው ጠፉ።

ኦቦ ፉፋ መዳፋቸውን አውጥተው የዱታሩን ሆድ ነኩ፤ የሰው ትከሻ እንደሚነኩ።

አባ ወልዴ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይህስ ጸሎት ነው» አሉ። «ለየትኛው ጻድቅ የተደረሰ ነው?»

«ሰርግ ነው» አሉ ጋሼ ናዛር። «ሙሽራ ከእናት ቤት ስትወጣ። አንቺም አለቀስሽ?»

እትዬ ደስታ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ቀስ አድርገው አወረዱ። «በሁዳዴ መሀል ሰርግ በላን ማለት ነው» አሉ።

ሁላችንም አባ ወልዴን አየናቸው። ቄሱ ተነሱ። «እኔ ያለቀስኩት ለሙሽራይቱ እናት ነው» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ከአጥሩ ማዶ ሲደርሱ ሳቃቸው ተሰማን።

ፋሲካ ግን መምጣቱ አልቀረም። በገናዋ ነጭ ጨርቋን ለብሳ ተሰቀለች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ተሞልቷል፤ እኔ ግን ከወጡ በፊት የማየው የጓሮዋን ጎጆ ነው። ዛሬ ጋሼ ናዛር ብቻቸውን ይበላሉ።

ረፋዱ ላይ እትዬ አስካለ ሁለት መሶብ አቀረቡ። በአንዱ ላይ ዶሮው። በትንሿ ላይ ሽሮ።

«ያን ሰው ጥሪው» አሉኝ።

ጋሼ ናዛር መጡ። እትዬ አስካለ ከትንሿ መሶብ ጋር አብረዋቸው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ታጠቡ።

«እትዬ፣ ፋሲካ ነው እኮ» አለ አባቴ። «ዛሬ መጾም ክልክል ነው።»

«ማን ጾመ? ሽሮ አማረኝ።»

ስንበላ እትዬ ደስታ መጡ፣ ጎረቤትም ተሰበሰበ፤ ያን የሰርግ ዜማ አሁን በተፈቀደ ጊዜ ይምታልን ተባለ። ጋሼ ናዛር እጃቸውን አብሰው ዱታሩን አመጡ። አሁን ሰርግ መሆኑን አውቀናልና ሴቶቹ ገና ከጅምሩ እልል አሉ። ዜማው ግን ሲወጣ እልልታው በራሱ ጊዜ ቀረ፤ ያ ዳገት ቀልድ አልነበረም። ወጣ፣ ወጣ፣ አናቱ ላይ ደረሰ።

እጃቸው ቀጥ አለ።

ቤቱ ሁሉ ቀዘቀዘ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። በገናዋ ተሰቅላለች፤ ጨርቋ ተቋጥሯል። ሽሮ የነካ እጃቸው ወደሷ ተዘረጋ።

ጋሼ ናዛር ግን ፈገግ ብለው በአገጫቸው ወደ ታች አመለከቱን። በመስኮቱ የገባች አንዲት ንብ ዱታሩ ፊት ላይ አርፋለች። የአያቶቿን ቤት እንዳገኘች ሁሉ በሳንቃው ላይ ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች፣ ታሸታለች። እጃቸውን ከሐሩ በላይ እንዳንጠለጠሉ ጠበቋት። እኛም ጠበቅናት። ከቆይታ በኋላ ተነስታ በመጣችበት መስኮት ወጣች።

ያኔ ጋሼ ናዛር ካቆሙበት ቀጥለው ወረዱ። ሳይቸኩሉ፣ ሳይፈልጉ፣ በገና ሳትጠራቸው፣ በራሳቸው ሁለት ክር። አንዷ መንገዱን ወረደች፣ አንዷ ቤት ጠበቀች።

እትዬ አስካለ የዘረጉትን እጃቸውን አውርደው ወደ ሽሮው መለሱ።